ዝም ሲሉት የሚዘጋው ካርድ

ውድ ወንድሜ፣

ብደውልልህ እንደማታነሳልኝ ስላወቅሁ ጻፍኩልህ። ደብዳቤ ቢናደዱበት እንኳ ከመቀደዱ በፊት አንዴ ይነበባል።

ከሁሉም በፊት እንኳን ደስ ያለህ! ወሬውን የሰማሁት ከእማዬ ነው። «ሴት ልጅ ተወልዳለት፣ መጀመሪያ ለእትዬ ልንገራት ብሎ ቢደውል፣ እንደ ባዳ አንቱ ብለሽ ዘጋሽበት አሉ። ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ። «ኧረ እማዬ፣ እኔ የምን ስልክ!» ብዬ ብምልም ፊቷን አዞረችብኝ። «ያውም ደጋግመሽ!» አለች።

ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። አንደበትህ ሲይዝህ ሰው ሁሉ ቃልህን ከአፍህ እየነጠቀ ሲጨርስልህ፣ እኔ አንድም ቀን ጨርሼልህ አላውቅም። «እሺ፣ እንዲህ ልትል ነው አይደል?» የሚልህን ጎረቤት ሁሉ ዓይኔን አጉረጥርጬ ዝም የማሰኘው እኔ ነበርኩ። ታዲያ እኔ በአንተ ላይ ስልክ ልዝጋ?

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ሥራ ቦታ ነው። የማቀዝቀዣ ጥገና ቤታችን የስልክ መስመሮቹን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ካርድ ገዝቷል፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ። መዳፍ የምታክል ሰሌዳ ናት፤ ከኋላዋ አራት የስልክ ቀዳዳ፣ ከየቀዳዳው አጠገብም ትንሽ መብራት አላት። ስልክ ሲጠራ ራሷ ታነሳለች። የሚያስተጋባውን ድምፅ ታጠራለች፣ መብረቅ ቢመጣ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል መሀል ገብታ ትመክታለች፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ አንዱን መስመር በቀጥታ ለድሮው ስልክ ታስረክባለች። እንዴት እንደወደድኳት! ሰላምታውንም «ያንቺ ድምፅ ይሻላል» ብለው የቀረጹት የእኔን ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ይናገሩ፣ እያዳመጥን ነው።»

ሞባይሌ መሳቢያ ውስጥ እንደሚውል ስለምታውቅ በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ደወልክ። ካርዷ ከመጣች ወዲህ ደውለህ አታውቅም፤ ያነሳሁት እኔው መሰልኩህ።

አንድ ጠባይ አላት። ደዋዩ ሰላምታውን ሰምቶ ዝም ካለ፣ ሰው የለም ብላ ትዘጋለች። መስመሩ በከንቱ እንዳይያዝ ነው። ስትገጠም የሞከርኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አፌን ከከፈትኩ ማን ያስቆመኛል? ስለዚህ ያኔ አልዘጋችብኝም።

ማዶ ካለው ሱቅ ደወልኩና አንተ የመጀመሪያው ፊደል ላይ የምትቆየውን ያህል ዝም አልኩ። የገዛ ድምፄ በአንቱታ «እያዳመጥን ነው» አለኝና ዘጋብኝ። ባለሱቁ «ማን ነው የዘጋብሽ?» ሲለኝ «ራሴ» አልኩት። ሰውዬው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ያንን ሁሉ ደስታ ይዘህ ስትታገል፣ በእኔ ድምፅ በር ተዘጋብህ።

አለቃዬን ይህ የመዝጋት ጠባይዋ ይጥፋ አልኩት።

«መስመር ይያዝብናላ።»

«ይያዝ።»

«ለአንድ ሰው ብለን?»

«ለወንድሜ ነው። ደግሞስ ስንት ደንበኛ እንደዘጋንበት በምን እናውቃለን?»

ራሱን አከክ አከክ አድርጎ «በይ እሺ፣ አንዷን መስመር ውሰጂ» አለ። አራተኛዋ መስመር አሁን ሰላምታም አትሰጥም፣ አትዘጋም፤ የምትጠራው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቁጥሯን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

የልጅህን ስም እማዬ ልትነግረኝ ስትል ጆሮዬን ደፈንኩ። ካንተ አፍ ካልሆነ አልሰማም፤ የፈለገውን ያህል ይፍጅ። ስልኩን አንስቼ የደወለው ሰው ዝም ካለ፣ አንተ ነህ ማለት ነው። ወንበሬን ስቤ እቀመጣለሁ።

እህትህ