ባዶም ቢሆን ያው ክኒን ይመለስልን

ለክቡር የጨጓራና አንጀት ጤና ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ዶክተር፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ተቋምዎ ደጃፍ እብነ በረድ የሚያብረቀርቅ፣ የበሉት ሁሉ የሚስማማዎ፣ የጠጡትም የሚወርድልዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከተቋምዎ ማዶ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ የምሰፋ ሴት ስሆን፣ ባሌ ደግሞ በትልቁ ጥናትዎ የተሳተፈው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ይህ ሰው ለዓመታት እራት በቀመሰ ቁጥር ሆዱን ይዞ ሲጎብጥ ኖሮ፣ እናንተ የሰጣችሁትን ክኒን መዋጥ ከጀመረ በኋላ ግን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ በልቶ፣ ጨምሩልኝ እስከማለት ደርሶ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬ የእውነት ነው፤ ቅሬታዬን የማስከትለውም ምስጋናው እንዳይበዛብዎ ብዬ ነው።

፩. ስለ አንጀት በሚመራመር ተቋም ውስጥ የተሳታፊዎች መጸዳጃ ቤት ሁልጊዜ የሚቆለፈው፣ ቁልፉ ከንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ፣ ኃላፊውም ከስብሰባ የማይጠፉት፣ እኔ የማልደርስበት ጥልቅ ሳይንሳዊ ምክንያት ቢኖረው ነው። ባሌ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ጠጥቶ ኮሪደሩን ሲመላለስበት በዋለ ዕለት፣ የበሩ ጥበቃ አይዞህ እያሉ አብረውት ተንቆራጥጠዋል። እኚያን ሰው እግዜር ይስጥልኝ፤ ከምርምር ቡድኑ ያገኘነው እርዳታ ቢኖር የእሳቸው ብቻ ነው።

፪. ተሳታፊዎች ምንም ሳይቀምሱ በጠዋት እንዲመጡ መታዘዙ አግባብ ነው። ረሃቡ በደንብ እንዲሰማቸው ታስቦ መሰለኝ፣ የተመራማሪዎቹ ቁርስ በመሃላቸው አልፎ ወደ አዳራሽ ይገባል። የተጠበሰ እንቁላል ሽታ ሲያልፍ ከባሌ ጎን የተቀመጡ አንድ አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፤ ይህም በጥናቱ ውስጥ እንደተመዘገበ ተስፋ አደርጋለሁ።

፫. እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያንሰኝ ይቅር ይበሉኝ። ጥናቱ አለቀ፤ ክኒኑም አብሮ አለቀ። ለግማሹ ተሳታፊ እውነተኛው መድኃኒት፣ ለቀረው ደግሞ መልኩ እሱን የመሰለ ባዶ ክኒን እንደተሰጠ፣ ባሌ የትኛውን ሲውጥ እንደከረመ ግን ውጤቱ ታትሞ እስኪወጣ እንደማይነገረን፣ አስተባባሪዋ ወይዘሮ በጣም በሚያምር ፈገግታ አስረዱኝ። ክቡርነትዎ፣ መድኃኒት ከነበረ ስሙን ይንገሩንና ከየትም ብለን እንፈልገው። ባዶም ከነበረ ግድ የለም፣ ያንኑ ባዶውን ይስጡን፤ ለእኛ ባዶው ተስማምቶን ነበር። አሁን ሕመሙ ብሶ ተመልሶበታል። ገበታ ሲቀርብ መንገድ ላይ በልቻለሁ እያለ ይነሳል፣ ልጆቹም ውሸቱን እያወቁ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሱ ደግሞ እነሱን ደህና ነኝ እያለ ሲያጽናና ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ሰውዬው እያለቀብኝ ነው።

፬. ለሳይንስ ላበረከተው አስተዋጽኦ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገን ሰቅለነዋል። ሲያመው ቀና ብሎ ያየዋል፤ እስካሁን ለውጥ የለም። ምናልባት ከምግብ በፊት ይታይ ወይስ ከምግብ በኋላ የሚል መመሪያ ስላልተጻፈበት ይሆናል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ናት፤ ምን እንደዋጠ ይነገረን። የዓለም ሊቃውንት ከማወቃቸው በፊት የሆዱ ባለቤት ቢያውቀው ለሳይንስ ብዙ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየሰጋሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለቁልፉ ያዥ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የጥናትዎ ተሳታፊ ሚስት፣
ከማዶው ልብስ ስፌት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በተቋምዎ በር ላይ «ከሕክምናው በኋላ» ተብሎ የተሰቀለው፣ ጉንጩ ሞልቶ የሚስቀው ሰው የእኔ ባል ነው። ከጎኑ «ከሕክምናው በፊት» የሚለው ቦታ ፎቶ እንዳልተለጠፈበት ከመስኮቴ ሆኜ አያለሁ። ሌላ ሰው ፍለጋ አይድከሙ፤ ያንኑ ሰው፣ በፎቶው ላይ የለበሰውን ያንኑ ሱሪ አልብሼ እልክልዎታለሁ። ወገቡን አጥብቤዋለሁ።