አንተ የተከልካት ሐረግ

ልጄ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ በሄድክበት ሁሉ ሰው ይውደድህ። እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ ከአረም ጋር ሲታገል ከርሞ ግን ወገቤን ማለት ጀምሯል።

ስትሄድ «አበባዋ ያምራል፣ አጠጪልኝ» ብለህ በረንዳው ጥግ የተከልካት ሐረግ ለካ አረም ናት። እኔም የልጄ ናት እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጠጣት ኖርኩ። የበረንዳውን ንጣፍ ፈንቅላ ጎመኔ ውስጥ ገባች። አባትህ በዶማ ከታትፎ እዚያው ቢበትናት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በቅሎ እንደ አሸን ፈላ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ስቃ ስታበቃ «ነገርን ከሥሩ» ብላ አሳየችን፤ ዝናቡ እንዳባራ፣ መሬቱ ሳይደርቅ ሥሩን በጣት እየተከተሉ ሳይበጥሱ መሳብ፣ ከዚያም ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ነው። በንጣፉ ስንጥቅ ደግሞ የፈላ ውሃ አፈሰስንበት።

አሁን ጎመኑ ተንፍሷል። አንተም በጊዜ ብላ፤ ሥራ ሥራ እያልክ እንቅልፍህን አትጣ።

አንዷን ብቻ በጣሳ አስቀርቻታለሁ። አባትህ «ይቺንስ?» ሲለኝ፣ «የተከላት መጥቶ ይንቀላት» አልኩት። እስከዚያው አጠጣታለሁ። አምላክ በሰላም ያገናኘን፤ ሥሯ ጣሳውን ሳይበሳው ድረስልኝ።

እናትህ