ልጄን ሁለተኛ ገበታ ላይ ያስቀመጠው ቅጽ

ለክቡር ሚስተር ሶሬስ
የገልፍ ንግሥት የመዝናኛ መርከብ የእራት አዳራሽ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በባሕር ላይ

ጉዳዩ፦ ስምንት ሰው በአንድ ገበታ እንዲበላ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጥቁር ኮትዎ፣ በደረት ኪስዎ የምትታየው ነጭ መሐረብዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ከኒው ኦርሊንስ ወደብ ከተነሣን ጀምሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማዕበሉም ነፋሱም ሲያከብረን ሰንብቷል፤ እስካሁን ያላከበረን በአዳራሽዎ በር ላይ የተዘረጋው ቀይ ገመድ ብቻ ነው።

እኔ ዩሊስ ናካን እባላለሁ። በሉዊዚያና ረግረግ ዳር አርባ አንድ ዓመት ሽሪምፕ ሳጠምድ የኖርሁ ካፒቴን ነኝ፤ ጀልባዬ ከእርስዎ መርከብ ብታንስም ሰውን ከእራት መልሳ አታውቅም። ይህንን ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። በስልሳ ሰባት ዓመቴ ከሚስ ፊሎሜን ዘንድ በማታ ትምህርት ሁለት ዓመት ፊደል ቆጥሬ ከአሥራ አራት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ (ዘጠኙ በመሃል ማቋረጣቸውን ሚስ ፊሎሜን ታውቃለች፤ እርስዎ ባያውቁትም ይኖራሉ)። የምስክር ወረቀቴ ከጀልባዬ መሪ በላይ ተሰቅሏል። «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እሰማ ነበር፤ ተምሬ ባየው ገዳዩ ቅጽ ሆኖ ተገኘ።

አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ከወራት በፊት ቅጽ ልካችሁልን ነበር። ከእኛ የሚፈለገው ለእያንዳንዱ መንገደኛ አንዱን መምረጥ ነው፤ ወይ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚቀርበውን ቀደም ያለውን እራት፣ ወይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚቀርበውን ዘግየት ያለውን። ቅጹ ግልጽ ነበር፤ አልዋሽም፤ አንብቤ የገባኝ የመጀመሪያው ቅጽ እሱ ነው። ከሚስቴ ከኤርሊን በቀር ለማንም ሳልናገር ራሴ ሞላሁት። በእኛ ቤት ገበታው የሚችለው ስድስት ሰው ስለሆነ፣ ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የምንበላው በሁለት ዙር ነው፤ አንደኛው ገበታ ለትልልቆቹ፣ ሁለተኛው ለልጆቹ። ሁለተኞቹ ታዲያ ሌላ ክፍል ሄደው አይጠብቁም፤ ከወንበራችን ኋላ ቆመው ነው የሚጠብቁት። አንዱ «አያቴ፣ ያቺን ትልቋን ሽሪምፕ እንዳትነካት፣ የኔ ናት!» ይላል፤ ሌላዋ በትከሻዬ ላይ እጇን አሳልፋ ከሳህኔ ትመነትፋለች፤ ሐሜቱ፣ ሳቁ፣ ጭቅጭቁ አንድ ነው። ገበታው ሁለት፣ እራቱ ግን አንድ ማለት ነው። እናም እኔን፣ ኤርሊንንና አማቴን እማማ ኦዲልን ቀደም ባለው፣ ልጄን ከርቲስን፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ዘግየት ባለው ላይ አሰፈርሁ። እናንተ በሁለቱ ገበታዎች መካከል በር እንደምትዘጉ የሚገልጽ መስመር ግን ቅጹ ላይ አልነበረም።

፪ኛ/ እሑድ ማታ፣ በመጀመሪያው እራት፣ ከርቲስ ቤተሰቡን ይዞ ገባና እንደ ቤታችን ወግ ከወንበሬ ኋላ ቆመ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርዎ። ከርቲስ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ለእኔ የመጣውን ወረቀት ሁሉ ሲያነብልኝ ያደገ ልጅ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሂውስተን ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ወደቡ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሂድ! የሚከራይ ዓይን አይጠፋም» አልሁት። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ እንጀራ አልቆረሰም። ፊደል የቆጠርሁትም የዚያን ቀን አፌ እያሳፈረኝ ነው። ለዚህ ጉዞ የመጣው እናቱ አልቅሳ ለምናው ነው።

ያ ልጅ እሑድ ማታ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ወዲያው የእርስዎ አስተናጋጅ፣ ትጋቱን ያብዛለት፣ የልጄን የእራት ካርድ ተቀብሎ አየና «ጌታዬ፣ የእርስዎ እራት በሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤ እዚህ መቆም አይፈቀድም» አለው። እጁ ከትከሻዬ ተነሣ። ትንሿ የልጅ ልጄም ከሳህኔ ያነሣችውን ዳቦ እንድትመልስ ተነገራት፤ ስለ ንጽሕና አጠባበቃችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

«አባዬ፣ ማነው እኛን ለብቻ ያስመዘገበን?» አለኝ ከርቲስ።

እኔ የተመለሰውን ዳቦ ቅቤ መቀባት ያዝሁ።

«አርባ አራት ዓመቴ እኮ ነው። አሁንም ከልጆች ጋር ነው የምትቆጥረኝ?»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ቀልድ ለምዶብኝ የተበላሸሁ ሰው ነኝ። «ምን ቸገረህ፣ ወተት ይሰጡሃል» አልሁት። አስተናጋጅዎ ሳቀ። ልጄ አልሳቀም። «እሺ። እሮብ ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ወደብ ስንደርስ እኛ እዚያው እንወርዳለን፤ በአውሮፕላን እንመለሳለን» አለና ልጆቹን ይዞ ወጣ። እሮብ ማለት ነገ ጠዋት ነው።

፫ኛ/ የገበታችን ወንበሮች ስምንት ናቸው። እኛ ሦስት ነን። የአምስቱ ባለቤቶች ከላይኛው ፎቅ ቡፌ ወርደው አያውቁም። ይህንኑ በትሕትና ለምክትልዎ ባመለክት፣ ክርኑን ከባዶዎቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ደግፎ «ጌታዬ፣ ቀደም ያለው እራት ሙሉ ነው» አለኝ። እማማ ኦዲል ሰምታ «እና እነዚህ ላይ የተቀመጡት መላእክት ናቸው? ሾርባ አቅርቡላቸዋ፣ ነውር ነው!» አለችው። ሁላችንም ወደ ዘግየት ያለው እራት እንዳንዛወር፣ እማማ ኦዲል የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ መርፌዋን ተወግታ እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ ብትጠብቅ ጣፋጩን የምትበላው በሰማይ ቤት ነው። ምክትልዎ «ቡፌ ሂዱና ሁላችሁም አብራችሁ ብሉ» ብሎ ስለመከረን አመሰግናለሁ፤ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሴት በሚወዛወዝ ወለል ላይ ሳህን ተሸክማ ስትሰለፍ ማየት ለእሱ ጥሩ መዝናኛ ይሆን ነበር። ልጄንም ቡፌ አብረን እንብላ ብለን ጠይቀነው ነበር። «ሁለተኛ ገበታ ከተባልሁ ሁለተኛ ገበታ እበላለሁ» ብሎ እንቢ አለ። ይህ ግትርነት ከየት እንደመጣበት አላውቅም፤ እናቱ ግን አውቃለሁ ትላለች።

፬ኛ/ ትናንት ደግሞ የቦታ ለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ሰጣችሁኝ። አንብቤ ሞላሁ። ግርጌው ላይ «ምላሽ በአምስት ቀን ውስጥ ይሰጣል» ይላል። ልጄ ሊወርድ የቀረው አንድ እራት ነው። ችግሬን የተረዳችሁበት ፍጥነት እንባ የሚያስመጣ ነው።

እንግዲህ በእናንተ ላይ ያለኝ አቤቱታ እዚህ ያበቃል፤ የቀረው የእኔ ነው። ኤርሊን ሦስት ቀን ሙሉ «ንገረው እንጂ! ‹እኔ ነኝ የሞላሁት፣ አብረን የምንበላ መስሎኝ ነው› በለው። ምላስህ ለቀልድ ሲሆን ጅረት፣ ለቁም ነገር ሲሆን ድንጋይ!» እያለች ትጮህብኛለች። እኔም «ፊደል የተማርሁት ልጁን ላስደንቀው እንጂ ላስቀይመው ነው እንዴ? እንዴት ብዬ ነው የመጀመሪያ ቅጼ እሱን አስወጣው የምለው?» እላለሁ። «ተደንቋል፣ አትጠራጠር» ትለኛለች።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማሳውቅዎ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአማቴና ከሚስቴ ጋር እንደማልቀመጥ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ወንበር እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ወንበርም አልጠይቅም። ከልጄ ወንበር ኋላ እቆማለሁ። በእኛ አገር አባት ከልጁ ወንበር ኋላ ቆሞ አያውቅም፤ የሚያዩን የአገራችን ሰዎች ቢኖሩ እስከ ፋሲካ ያወሩልኛል፤ ያውሩ። ቅጹን የሞላሁት እኔ መሆኔን፣ ወደቡ ላይ ስለተናገርሁትም ይቅርታ እንደምጠይቀው፣ ያለ ምንም ቀልድ እነግረዋለሁ።

ለሰጣችሁን መስተንግዶ ሁሉ በባርኔጣዬ እጅ እየነሣሁ፣ ገመድዎ ይጠንክር፣ ኮትዎ አይጨማደድ፣ አዳራሽዎ እንደተባለው ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን እያልሁ እመርቃለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት እንግዳ፣
ካፒቴን ዩሊስ ናካን (ፊርማውም የራሴ ነው)

ግልባጭ፦
ለመርከቧ ካፒቴን
ለሰባተኛ ፎቅ መንገደኞች በሙሉ፣ በሊፍቱ በር ላይ ተለጥፎ

ማሳሰቢያ፦ አስተናጋጆችዎ «መተላለፊያ ዘግቷል» ብለው ሊያስወጡኝ ቢመጡ አልቀየምም፤ ሰው ማስወጣት ላይ ልምድ እንዳላቸው አይቻለሁ። ብቻ አሥር ደቂቃ ይታገሡኝ፤ አንዷ እኔ የምናገርባት ናት፤ ዘጠኙ ልጄ እስኪመልስልኝ የምቆምባቸው ናቸው።