ሃይፐርቦሊ ያልኩት በር

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ የእንግሊዝኛው ቲቸር ዳኘው ሰሌዳውን በዘይቤ ዓይነቶች ሞላው። ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ አይረኒ፣ ሃይፐርቦሊ… አስራ አንደኛ ክፍል ደርሳችሁ እነዚህን አለማወቃችሁ ያሳፍራል አለን። ከሁሉም ቶሎ የገባኝ ሃይፐርቦሊ ነው። ማጋነን ማለት ነው። አባቴ እኮ የሚያወራው በሱ ነው! ዛሬ እንኳ የበርበሬ ጆንያ እያስጫነ፣ "ናጂሃ፣ ስጠራሽ ሸበትኩ እኮ!" አለኝ። የጠራኝ አንዴ ነው።

ለእንቁ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጥን ሁለት ዓመታችን። ከገጠር መጥታ፣ እዚህ ቡሬ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልታመጣ እናቷ ጋ ትሄዳለች። እሷ ባትኖር ትምህርት ቤት ምን ይውጠኝ ነበር?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ስለ ቤታችሁ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፉ ተባልን። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡ፣ የተማርነውን ስታገኙ አስምሩና የዘይቤውን ስም ጻፉበት አለን። የእንቁ ወረቀት ለኔ ደረሰኝ።

ስለ እናቷ ነው የጻፈችው። ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ እናቴ በሩን ዘግታው አታውቅም፣ ቀንም ሌሊትም፣ ይላል። አገኘሁት! በቀይ እስክሪብቶ ድርብ አሰመርኩበትና ሃይፐርቦሊ ብዬ ጻፍኩ። ቲቸር "ማን አገኘ?" ሲል ዘልዬ ተነሳሁ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከኋላ አንዱ "ጅብ አይገባም እንዴ?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

እንቁ አልሳቀችም። ወረቀቷን ከእጄ ወሰደች። "ውሸት ነው አልሽኝ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ደወሉ ተደወለ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሌላ ዴስክ ሄዳለች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ከፊታችን የምትቀመጠው ሸጋዬ ከእንቁ ጋር የአንድ አገር ልጅ ናት። እሷ ነገረችኝ። የእንቁ ታላቅ ወንድም ገነነ ካቻምና ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄደ። አብረውት የሄዱት ተመለሱ፣ እሱ የለም። ስልኩም አይሠራም። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። እናቱ በሩን የማይዘጉት ቢመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው ነው… እውነት ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን "ወንድሜ መተማ ነው" ብላኝ ነበር። ለሥራ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ምናለ ትንሽ ብጠይቃት? አፈርኩ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ይቅርታ ልላት ስጠጋ ትነሳለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ደህና ነሽ ናጂሃ?" ትለኛለች፣ እንደማታውቀው ሰው… ታልፋለች።

ለአባቴ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እስክጨርስ ሰምቶኝ፣ "አጥፍተሻል። ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል?" አለኝ።

ሽማግሌ? እኔ ማንን ልላክ?

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ሸጋዬን ላክኋት! ሹራቧን እንደ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንቁ ፊት ቆመች። "ካሱ ካላችሁም እንክሳለን፣ ብቻ ልጃችንን ማሩልን።" ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ሞቼ ነበር። ዛሬ ግን የእንቁን ፊት ብቻ ነበር የማየው።

እንቁ ፈገግ እንኳ አላለች። "ካሳ አልፈልግም። ቅዳሜ እኛ ቤት ትምጣና በሩን ትየው" አለች።

አባቴ እሺ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድመለስ ብቻ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሄድን። መጀመሪያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ጤፉ እየታጨደ ነው። እንቁ መንገዱን ሙሉ ብዙም አላወራችኝም።

እናቷ እትየ አደይ ድንች ቀቅለው ጠበቁን። "ጾም ነው፣ ሥጋ የነካው ነገር የለም። ሳትሳቀቂ ብይ ልጄ" አሉኝ። በጣም ወደድኳቸው። እየበላን ነፋሱ ገለባ ይዞ ገባ። እኔ ሞኟ… ለዚሁ መጥቼ፣ ሳላስበው ብድግ ብዬ በሩን ልዘጋ ወጣሁ። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ነው። ሳብኩት፣ አልነቃነቅ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥሩ ሣር በቅሎበታል። በበሩና በግድግዳው መሀል ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

"ተይው ልጄ" አሉኝ ከውስጥ። "የወጣ ሰው አለን።"

አለቀስኩ። ሰው ቤት፣ ምሳ ላይ! እንቁ አንድ ድንች ልጣ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። "በቃ፣ ብይ" አለችኝ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

እንቁ ቀድማኝ ዴስካችን ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ የኔ ቦታ ላይ ነበር፣ ስደርስ አነሳችው።

ቲቸር ዳኘውን አስፈቅጄ ተነሳሁ። ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እንቁ የጻፈችው እውነት ነው አልኩ። ስለ ጅብ የቀለደው ልጅ አቀረቀረ። ቲቸርም "እንግዲያ የሃይፐርቦሊ ምሳሌ ዕዳ አለብሽ" አለኝ። የአባቴን ሽበት ሰጠሁት። ሁሉም ሳቀ። እንቁም።

ማምሻውን ወንድሜ ኑዕማን በቆሎ ሊያደርስ ፍኖተ ሰላም ሄዶ ቆየ። እናቴ "በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ" አለችኝ።

"ትንሽ ይቆይ እማ። የወጣ ሰው አለን።"

አየችኝ። ሻሏን ተከናንባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።