ላስቲክ የለበሱት ኮምፒውተሮች

ለአስተማሪው፤

ምሳህ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀህ ብላ። ሳሎን የተበተኑትን ብሎኖች እንዳትነካ።

ትናንት ማሠልጠኛችሁ ጎራ ብዬ እጄን በአፌ ጫንኩ። ሰው በጣላቸው ኮምፒውተሮች ላይ አቧራ እየቃምኩ ነፍስ የዘራሁት፣ አንተ ላስቲክ አልብሰህ እንድትደረድራቸው ኖሯል? አንተ ማውስ ሰሌዳ ላይ ሥለህ ታስተምራለህ፤ ሊማሩ የመጡት እናቶች ባዶ ጠረጴዛ በጣታቸው ይጫናሉ። ለካ ዋናም በደረቅ መሬት ይለመዳል!

«እንዳያበላሹብን ብዬ ነው» አልከኝ። ቢያበላሹስ? ሲጀመር የጠገናቸው ማን ሆነና?

ዛሬ ላስቲኩን ልገፍፍ ሄጃለሁ። ለልብስ ሰፊዋ እናት አንድ ስላነሰ ያንተን ላፕቶፕ ይዤዋለሁ።
ሳላስፈቅድህ ነው፤
እሱን እንኳ ይቅር በለኝ።

እስክመለስ ሥራ ካለብህ፣ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አንድ ኮምፒውተር ሥዬልሃለሁ። ቀስ ብለህ ተጫነው፤ እንዳታበላሸው።