የጣራ ውሃ

ሐምሌ ፭፣ ከሰዓት
ዛሬም ዝናብ። ከጽ/ቤት እንደገባሁ በረንዳ ላይ ቆሜአለሁ፤ ሸሚዜ እንደረጠበ። ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት የአሥራ ሁለቱ አዳዲስ ቤቶች ጣራ ይንፎለፎላል። ውሃው መንገዱን ቦርቡሮ ወደ ባሮ ወንዝ ይሄዳል። ያንገበግበኛል። በጋ ሲገባ በየደጃፉ የተከልኳቸው የማንጎ ችግኞች ጠብታ አያገኙም። ሚስቴ የሺ ደግሞ ከጎሬ ቁርጡን ልካብኛለች፤ ጥር ላይ ሕፃኗን ይዛ ትመጣለች፣ ደጃፉ ላይ ጥላ ካላየች በመጣችበት አውሮፕላን ትመለሳለች። የሺ አንዴ ካለች አለች ነው። ችግኝ በስድስት ወር ጥላ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ስጨፍን ትልቅ ማንጎ አያለሁ፤ ከሥሩ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ልጄ።

ሐምሌ ፳
ስቆፍር የሰነበትኩት ኩሬ አለቀ። ከቤቶቹ ጀርባ። የጣራውን ውሃ ሁሉ በቦይ ወደዚያ ሰበሰብኩት፤ ትርፉ በሌላ ቦይ ወደ ባሮ ይወጣል። አለቃዬ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ተቀምጠው ሳቁብኝ። ባሮ አፍንጫህ ሥር እያለ ኩሬ መቆፈር የጤና ነው ወይ አሉ። ይሳቁ። ያን የባሮ ገደል ባልዲ ተሸክመው የሚወጡት እሳቸው አይደሉም። አመሻሽ ላይ ኩሬው ደመናውን ይዞ ተኝቷል። እራቴን ረስቼ አየሁት።

ነሐሴ ፲፩
ተናድጃለሁ፣ ማስታወሻዬ። ኦሞድ መጣ፤ ጎረቤቴ ነው፣ በክሊኒኩ ሐኪም የሚረዳ ድሬሰር፣ የዚሁ የባሮ ዳር ልጅ። ኩሬውን በጣሳ ጨልፎ አሳየኝ። የትንኝ ዕጭ ይርመሰመሳል። ወይ ድፈነው ወይ የፋኖስ ጋዝ አፍስበት አለ። ጋዝ ካፈሰስኩ ውሃው ለችግኝ አይሆንም። ለምኜው እስከ እንቁጣጣሽ ታገሠኝ። የየሺን ወንድም የገደለው ወባ ነው። ለልጄ ጥላ ብዬ ወባ አረባሁላት።

ጳጉሜን ፪
ባሮ ሞላ። እኔ ደገኛው፣ ወንዝ ሽቅብ እንደሚመጣ መች አስቤ። ትርፉ ይውጣበት ብዬ በቆፈርኩት ቦይ ባሮ ራሱ ተመልሶ ገባ። ኩሬውና ወንዙ አንድ ሆኑ። ቤቶቹ ከፍ ብለው ስለተሠሩ ውሃው ደረጃው ላይ ቆመ። ኦሞድ በታንኳ ደጃፌ ድረስ መጥቶ፣ ለባሮ መንገድ የሚጠርግ ሰው ዛሬ አየሁ አለኝ። ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን መስኮት ላይ ተቀምጬ ቤቶቹ እንደ ታንኳ ሲንሳፈፉ በሐሳቤ አያለሁ፤ በአንዱ ውስጥ የሺ አለች። ደስ ይላል።

መስከረም ፱
ውሃው ሄደ። ችግኞቹ ጭቃ ለብሰው ተርፈዋል። ኩሬው ውስጥ ትናንሽ ዓሣ ቀርቷል። ኦሞድ ጨለፈ፤ ደግሞ ጨለፈ። አንድም ዕጭ የለም፤ ዓሦቹ ለቅመው በልተውታል። ጣሳውን አስጨብጦኝ እየሳቀ ሄደ። ተመስገን።

ጥር ፲፫
ሙቀት። እስክሪብቶው ከእጄ ያሟልጫል። አመሻሽ አመሻሽ ከኩሬው እየቀዳሁ አጠጣለሁ። ማንጎዎቹ ጉልበቴ ደርሰዋል፤ ኩሬውም ጉልበቴ ድረስ ወርዷል። ዓሦቹ አድገው ተጨናንቀዋል፣ መሞትም ጀምረዋል። ኦሞድ እንደሚለው እነሱ ዘንድ ኩሬ ሲጎድል ሰው ሁሉ ዓሣ ሊያጠምድ ባንድ ቀን ይገባል፤ ከዚያ ቀን በፊት ማንም አይነካም። ግን ዓሣው ቢወጣም ቢሞትም ትንኙ ይመለሳል። የቀረውን ውሃ ባቆይ ችግኞቹ ለዝናቡ ይደርሱ ነበር። የሺ ሐሙስ ትገባለች፣ ሕፃኗም። ምን ያከራክራል። ይድረቅ።

ጥር ፲፭
የኦሞድ ዘመዶች ቅርጫት ይዘው መጡ። ሴቶቹ እየዘፈኑ ገቡ። አለቃዬ ሳይቀሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ዓሣው ሲያልቅ ድፍርሱን ውሃ በባልዲ እየተቀባበልን ለማንጎዎቹ አጠጣን። ኩሬው ጭቃ ሆነ። አለቀስኩ ብልሽ፣ ማስታወሻዬ፣ ትስቂብኛለሽ።

ሐሙስ
የሺ መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ካመጣት ላንድሮቨር ወርዳ ማንጎውን አየች። ጥላው ይኸ ነው ወይ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኩሬውን፣ ዕጩን፣ ማድረቄንም። ሻንጣዋ እንደታሰረ በር ላይ ቆሟል። አውሮፕላኑ ከሰዓት ወደ ጎሬ ይመለሳል። ፊቷን ማየት ቢያቅተኝ ባልዲዬን ይዤ ባሮ ወረድኩ። ቀድቼ ገደሉን ስወጣ አውሮፕላኑ በአናቴ ላይ አለፈ። ሮጥኩ። ውሃው ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ።

በረንዳው ላይ ሻንጣው ተከፍቷል። የሺ ሕፃኗን በሳፋ አጥባ በፎጣ ጠቅልላታለች። ሳፋውን አነሳችና ማንንም ሳትጠይቅ ውሃውን ማንጎው ሥር ደፋችው፤ ቀስ ብላ፣ ሥሩ እንዳይገለጥ።