ጥንዚዛዎቹን ያስጨረሰው ስልክህ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምጽፍልህ።

ማሳችንን የወረረውን መጤ አረም ታውቀዋለህ። እማዬ ስትነቅለው እጇ ተላልጦ ጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትውለው። ላሟ በልታው ወተቷ መሮ ደፍተነዋል። የምሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይህንኑ አረም ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ እንደሚያረባ ነግሬህ ነበር። በሽቦ ወንፊት በተከለለ ቤት ውስጥ ቅጠል እያቀረብኩ እንደ ጫጩት ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ኃላፊያችንን ደጅ ጠንቼ የመጀመሪያዎቹ በእኛ ማሳ ተለቀቁ። ዝናቡ እንደጀመረ የአረሙን ቅጠል ይበሳሱት ያዙ። እማዬ ዳር ቆማ "ደም መላሾቼ" እያለች ትስቅ ነበር።

ከዚያ አንተ ደወልክ። "አረሙን ሲጨርሱ ወደ በቆሎው ነው የሚዞሩት፤ ሳይቃጠል በቅጠል" አልከው ለአባዬ። ማን ነገረህ? ከመለቀቃቸው በፊት በቆሎና ባቄላ ብቻ ሰጥተን አይተናቸዋል፤ በረሃብ አለቁ እንጂ አልነኩትም። ስልኩን ለእህቴ ስጣት ማለት እንዴት አቃተህ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸ ነው። አንተ ካልክ ደግሞ ለአባዬ ድንጋይም ዳቦ ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መርጫ ተውሶ የተባይ መድኃኒት ረጨባቸው። ስመለስ እንደ ተደፋ ምስር መሬት ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። አረሙ ግን እንደቆመ ነው።

ምነው አባዬ ብለው፣ "ልጄ ከሩቅ ሆኖ ሲያስብልን አንቺ እዚሁ ሆነሽ ትል ታመጪብናለሽ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በወጉ አልተነጋገርንም። ኃላፊውም ቀሪዎቹን ጥንዚዛዎች ለጎረቤታችን ለአናጺው ሰጠ። አሁን የአናጺው ማሳ እየጠራ ነው፤ በቆሎውም አንድ ቅጠል አልጎደለበትም። አባዬ በየማለዳው አጥሩ ጋ ቆሞ ያያል። እማዬ በዚያ እጇ እንደገና መንቀል ጀምራለች።

ጋሼ፣ አዛኝ ቅቤ አንጓች አትሁንብን። ኃላፊው "አባትሽ ራሳቸው መጥተው ከጠየቁኝ አዲስ ከሚፈለፈሉት እሰጣለሁ" ብሏል። አባዬን እኔ ብነግረው አይሰማኝም። ይህ እንደደረሰህ ደውልና "ሳላውቅ ነው የተናገርኩት" በለው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷን ብታማክር ኖሮ "መጀመሪያ እህትህን ጠይቃት" ትልህ ነበር። ትልቋን ልጅህንና ጥርሱ የወለቀውን ትንሹን ሳምልኝ። እማዬ ጉንጭህን ስማለች። አባዬም ሰላም ብሎሃል፤ ስጽፍ አይቶኝ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረገልኝ እንጂ፣ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ነሐሴ 12